በፕላስቲክ የታሸገውን ሰርተፍኬት ይዤ ከልደታ እስከ ናይሮቢ

ከናይሮቢ ከተመለስኩ ወዲህ ልብስ ላሰጣ በወጣሁ ቁጥር የብሎካችን ሴቶች «እስቲ አውሪን» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሰው ሲሰበሰብብኝ ምላሴ ይታሰራል። «ደህና ነበር» ብዬ ባልዲዬን አንስቼ እገባለሁ። እናቴ ይህን አይታ፣ «በአፍሽ ካቃተሽ ጻፊላቸው። ሥራሽ የሰው ማመልከቻ መጻፍ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ቢሆንም ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታ ስተይብ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ይኸው የራሴን ጉዳይ ጻፍኩ። ያን አገር ሄደው ለማያዩት ጎረቤቶቼ ነው።

እህቴ ነኢማ ናይሮቢ ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። የአሥረኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና አልፋ ሰርተፍኬቷን እንዳገኘች፣ እዚያ ምግብ ቤት የነበራት የእናቴ የአክስት ልጅ ወሰደቻት። ሴትየዋ በዓመቱ ቤቱን ሸጣ ወደ ሌላ አገር ስትሻገር ነኢማ እዚያው ብቻዋን ቀረች። ቀን የሰው ሳህን እያጠበች፣ ማታ እየተማረች እንግሊዝኛውንም ስዋሂሊውንም ቻለች። ከቤታችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የረገጠች እሷ ብቻ ናት። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ እንድትማር ተቀበላት።

ተቀበላት ስል ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ይዛ የሄደችው የአሥረኛ ክፍል ሰርተፍኬት ኮፒው ስለሆነ፣ ዋናውን እስከ ሐሙስ አሥር ሰዓት ድረስ ማሳየት አለባት። ካላሳየች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። የመኖሪያ ፈቃዷም በተማሪነቷ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ አብሮ ያበቃል። ይህን በስልክ የነገረችን ሐሙስ ዕለት ነው፤ አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቷል።

ዋናው ሰርተፍኬት እኛ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ነበር። ነኢማ ስትሄድ እናቴ «ዋናው ከቤት አይወጣም» ብላ ኮፒውን ነበር ያስያዘቻት። አሁን ደግሞ በፖስታ እንላከው ብላት፣ «ወረቀት ብቻውን አይሄድም፤ ሰው ይይዘዋል» አለች። ያ ሰው እኔ መሆኔ ነው። ዐረብ አገር ልሠራ አስቤ ያወጣሁት፣ እናቴ ከልክላኝ ሳልጠቀምበት የቀረ ፓስፖርት ነበረኝ።

አንድ ነገር ግን ለነኢማ አልነገርኳትም። መሥሪያ ቤታችን የላሚኔት ማሽን አዲስ የገባ ሰሞን፣ የወደድኩትን ወረቀት ሁሉ በፕላስቲክ አሽጌ ነበር። የእናቴን መታወቂያ፣ የአባቴን ፎቶ፣ የነኢማንም ሰርተፍኬት። እንዳይቆሽሽባት ብዬ ነው። በኋላ ግን ላሚኔት የተደረገ ዋና ማስረጃ አንቀበልም እየተባሉ የሚመለሱ ደንበኞችን ስንቴ አየሁ።

ዓርብ ዕለት ሰርተፍኬቱን ለአሠሪዬ ለጋሽ በቀለ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አገላበጡት።

«የአንቺ ሥራ ነው፤ አየር እንኳ አላስገባሽበትም» አሉኝ።

«እዚሁ እንላጠው ይሆን?»

«ከተቀደደ ሌላ የለም። ምትክ ለማውጣት ወራት ነው። ሳይጠየቅ አትላጪው፤ ምናልባት ዝም ብለው ያልፉሽ ይሆናል። ከጠየቁሽ ግን መላጡን ታውቂበታለሽ። ጠማማ የገባ መታወቂያ ስንቱን አብረን ላጥን?»

ከዚያ ከጠረጴዛቸው መሳቢያ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ አውጥተው ሰጡኝ። «ካውያው ለብ ያለ ይሁን። ፕላስቲኩን ወደ ላይ አትሳቢ፤ ወደ ኋላ አጥፈሽ ቀስ በቀስ። ቸኩለሽ እንደሆነ ግን ባትሄጂ ይሻላል።»

ማታ ነኢማ ደውላ «ሰርተፍኬቱ ደህና ነው?» አለችኝ። «ብርጭቆ ነው የሚመስለው» አልኳት። አልዋሸሁም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከልደታ በታክሲ ቃሊቲ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ሰርተፍኬቱን በሁለት ካርቶን መካከል አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬን ደግሞ ደረቴ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። እግሬ ሥር እናቴ ለነኢማ የላከችው ሽሮና በርበሬ በጥቁር ፌስታል ተቋጥሮ አለ። ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን፣ ሻሸመኔን አለፍን። እስከዚያ ቀን ከአዲስ አበባ የራቅኩት አባቴ ሲያርፍ ወራቤ ለለቅሶ ስንሄድ ብቻ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከሐዋሳ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸውና ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። ላነሳቸው አፈርኩ። ዲላ እስክንደርስ ትከሻዬ ደነዘዘ። ሲነቁ «አንቺ ልጅ፣ ትራስ ሆንሽኝ» ብለው የያዙትን ሙዝ ግማሹን ሰጡኝ።

ዲላ ያደርኩበት አልጋ ቤት ንጹሕ ነበር። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግን የድሮው የቀበሌ ቤታችን ትዝ አለኝ። ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ዝናብ ሲዘንብ የምናውቀው በመስኮት አይተን ነው።

እሑድ ረጅሙ መንገድ ነው። ከቡሌ ሆራ በኋላ አረንጓዴው እያለቀ ቀይ አፈር፣ ከያቤሎ በኋላ ደግሞ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የምስጥ ኩይሳና ግመል ብቻ ሆነ። ሞያሌ ስንደርስ ድንበሩ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ፈታሹ የእናቴን በርበሬ ከፍቶ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተና ሦስት ጊዜ አነጠሰ። «ሂጂ፣ ሂጂ» አለኝ እንባውን እየጠረገ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

በኬንያ በኩል ያለው ሞያሌ ከእኛው ሞያሌ የሚለየው መኪናው በግራ በመሄዱ ነው። የማክሰኞና የረቡዕ ቀን እጄ ላይ ስላለ አልተጣደፍኩም። የሰኞውን አውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ፤ ትኬቱ ላይ 6:00 ይላል። ያደርኩት አማርኛ በሚችሉ እትዬ ቃባሌ በሚባሉ የቦረና ሴት ቤት ነው፤ ጀርባ ያሉ ሦስት ክፍሎችን ለመንገደኛ ያከራያሉ።

ሰኞ ጠዋት ቀስ ብዬ ተነሣሁ። ልብሴን አጠብኩ። እትዬ ቃባሌ የግመል ወተት የገባበት ሻይ በትልቅ ኩባያ ሰጡኝ፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ግን ጠጣሁት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዬን አቅፌ አውቶቡሱ የሚነሣበት ሄድኩ። ቦታው ባዶ ነው። ትኬት ሻጩ ትኬቴን አይቶ ሰዓቱን በጣቱ እየመታ አንድ ነገር አለኝ። አልገባኝም። ደግሞ አለኝ። ያኔ ገባኝ። 6:00 ማለት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። እኔ ልደታ እንዳለሁ ሆኜ ስድስት ሰዓትን ነው የጠበቅኩት።

አንድ ቀን ጠፋ። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማንንም ለመጠየቅ አፈርኩ፤ ቋንቋውም የለኝም። ከዚያ ወደ እትዬ ቃባሌ ተመለስኩ። የሆነውን ሲሰሙ አልሳቁብኝም። ነጠላቸውን ለብሰው እጄን ይዘው ወደ ትኬት ሻጩ ወሰዱኝ። በቦረንኛ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ብቻ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ትኬቴን ቀደደና ያለ ክፍያ የማክሰኞን ጻፈልኝ።

«ምን አሉት?» አልኳቸው ስንመለስ።

«እናቱን አውቃታለሁ አልኩት።»

«ይኸው ብቻ?»

«ለአንዳንዱ ሰው ይበቃዋል።»

ለሁለተኛው ሌሊት ገንዘብ አልቀበልም አሉ። «ስትመለሺ እህትሽ ገባች ብለሽ ንገሪኝ፤ ሒሳቡ ያ ነው» አሉኝ። ማክሰኞ ጠዋት ራሳቸው ቀስቅሰው፣ ራሳቸው አውቶቡሱ ላይ አወጡኝ።

የኬንያ መንገድ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። በሁለት በኩል ጥቁር ድንጋይ የተዘራበት ሜዳ ይታያል፤ ሰው የለበትም። ፖሊስ በየቦታው አውቶቡሱን እያስቆመ ፓስፖርት ያያል። አንዱ ፓስፖርቴን ይዞ ብዙ ጠየቀኝ። ቋንቋው ስላልገባኝ ካርቶኑን ከፍቼ ሰርተፍኬቱን አሳየሁት። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እትዬ ቃባሌ ጉዳዬን የነገሯት፣ ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት የሞያሌ ነጋዴ ጣልቃ ገብታ «የእህቷ ነው፤ ለእህቷ ነው የምትወስደው» ብላ አስረዳችልኝ። ፖሊሱ ሰርተፍኬቱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። እኛ ሰፈር ሰው ወረቀት በሁለት እጁ የሚሰጠው ለትልቅ ሰው ነው።

ሲመሻሽ ናይሮቢ ገባን። ነኢማ አውቶቡሱ ሳይቆም አየችኝ። ስትሄድ ከእኔ ታጥር ነበር፤ አሁን በግንባሬ ልክ አገጯ መጣ። እጇን ስይዘው ሻክሯል፤ በሳሙና የሻከረ የእጥበት እጅ ነው።

«ሐዩ፣ በጣም ከስተሻል» አለችኝ በቤት ስሜ።

«አንቺስ ረዘምሽ።»

«ማን አይቶኝ፤ ሳህን ላይ ተደፍቼ ነው የረዘምኩት።»

ታክሲ ስንሳፈር፣ መኪናው በግራ መሄዱን ረስቼ፣ በር ወደሌለበት ጎን ሄጄ ቆሜ ጠበቅኩ። ረዳቱ እንደ እኛ ሰፈር ወያላ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል፤ ዜማው እንኳ ያው ነው። ነኢማ የምትኖርበት ፎቅ የእኛን ብሎክ ይመስላል። ልብሱ በየበረንዳው ተሰጥቷል፣ ሽንኩርት ሲጠበስ ይሸታል፣ ደረጃው ላይ ጀሪካን ተደርድሯል። እራት ኡጋሊ የሚሉትን ሰጠችኝ። ገንፎ ነው፤ ግን ቅቤም በርበሬም አያውቅም። የእናቴን በርበሬ ከፍተን ነሰነስንበት። ከዚያ በኋላ በላሁት።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድን። ነኢማ ያላትን አንድ ደህና ጃኬት ለብሳለች። ካርቶኑን ስከፍት ፕላስቲኩን አየች። ሰነድ የምትቀበለው ሴት ሰርተፍኬቱን ወሰደች። ማኅተሙ ያለበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች፣ ደግማ ዳሰሰች። ከዚያ ነኢማን በዝግታ አናገረቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ድምፅዋ ውስጥ ማዘኗ ይሰማል። የነኢማ አንገት ግን ሲደፋ አየሁ።

ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«ማኅተሙ በጣት ተዳስሶ መታወቅ አለበት አለች። በፕላስቲክ ውስጥ ያለውን ዋና ነው ብላ መፈረም አትችልም። እስከ ነገ አሥር ሰዓት ነው ያለን» አለችኝ ነኢማ። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «ማን ነው ያሸገው?»

«እኔ ነኝ።»

ሰርተፍኬቱን ካርቶኑ ላይ አገላበጠችው። «ስድስት ዓመት አቧራ እንዳይነካኝ ጠብቀሽ፣ ዛሬ በፕላስቲክ አፈንሽኝ» አለች በመጨረሻ። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም።

ስለ አባታችን አነሣች። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የነበረውን ሱቅ ያጣው ሳያነብ በፈረመው ወረቀት ነው። ሸሪኩ ያመጣውን ውል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ፤ ሲያነቡለት ሱቁ የእሱ አልነበረም። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ፍርድ ቤቱ ግቢ እጁን ይዛ ትሄድ የነበረችው ነኢማ ናት። «እዚህም ምግብ ቤት ስሠራ አበሾች ወረቀት ይዘው ይመጡና አንብቢልኝ ይሉኛል። ቋንቋ የሌለው ሰው ሁሉ አባታችንን ነው የሚመስለኝ» አለችኝ።

ያኔ ጋሽ በቀለ የሰጡኝን ጨርቅ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ካውያ ያለው ሰው ታውቂያለሽ?» አልኳት።

የነኢማ ፎቅ ሥር ማማ ዋንጂሩ የሚሏት ልብስ ሰፊ አለች። ነኢማ ነገሩን ስትነግራት፣ የምትሠራውን የደንበኛ ሱሪ አንሥታ ጠረጴዛውን በሙሉ ለቀቀችልኝ። ካውያውን ቀዝቀዝ አደረግሁት። በመጀመሪያ የነኢማን የላሚኔት መታወቂያ፣ ጊዜው ያለፈበትን፣ ሞከርኩበት። ተላጠ። ከዚያ ሰርተፍኬቱን በጨርቁ ሸፈንኩ።

«ማየት አልችልም» ብላ ነኢማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እንደዚያ ቀን እጄ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ከታችኛው ጥግ ጀመርኩ። አሞቅሁ፣ የፕላስቲኩን ጫፍ በጥፍሬ አነሣሁ፣ ወደ ኋላ አጠፍኩ፣ ሳብኩ። አንድ ጣት ያህል። ደግሞ አሞቅሁ። ማማ ዋንጂሩ አጠገቤ ቆማ እያየች ትንፋሿን ያዘች። የነኢማ ስም ላይ ስደርስ ቀለሙ ሊነሣ ፈለገ፤ ተውኩትና አቀዝቅዤ ከሌላው ጎን መጣሁ። ማኅተሙን አለፍኩ። ዓይኔ ላይ ላብ ሲወርድ ማማ ዋንጂሩ በራሷ መሐረብ ጠረገችልኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። መጨረሻ ላይ ፎቶው ደረስኩ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቸኮልኩ መሰለኝ፣ ከፎቶው ጠርዝ አንድ ቁራጭ ከፕላስቲኩ ጋር ተነሣ።

«ዙሪ» አልኳት።

ነኢማ ዞረች። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ራቁቱን ተኝቷል። በጣቷ ማኅተሙን ዳሰሰች። «አለ» አለች። ከዚያ ፎቶውን አየች። «ጆሮዬስ?»

ግራ ጆሮዋ ፕላስቲኩ ላይ ነበር። ማማ ዋንጂሩ ሳቀች፣ ነኢማም ሳቀች፣ እኔ ግን እስከ ማግስቱ መሳቅ አልቻልኩም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ እዚያው መስኮት ፊት ቆምን። ሴትየዋ አውራ ጣቷን ማኅተሙ ላይ አሳረፈች። ጣቷ እዚያው ብዙ ቆየ። ከዚያ ፎቶውን አይታ ነኢማን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ነኢማ ሻሿን ገለጥ አድርጋ ግራ ጆሮዋን አሳየችና፣ በእጇ ወደ እኔ እያመለከተች መለሰች። ሴትየዋ እየሳቀች ፈረመች። ማኅተም መታች፣ ወረቀቱን መለሰች፣ ለነኢማ እጇን ዘርግታ ጨበጠቻት።

«ምን አለችሽ?» አልኳት ስንወጣ።

«ጆሮሽ የት ሄደ አለችኝ። እህቴ ጋ ነው አልኳት።»

እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ያልተነፈስኩት ትንፋሽ ነው የወጣው። ነኢማ ለእናታችን ደወለች። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ወዲያው ስለ በርበሬው ጠየቀች።

ስለ ከተማው ብዙ የምጽፈው የለኝም። ዓርብ ነኢማ ፓርክ ልታሳየኝ ወስዳኝ ነበር፤ እኔ ግን ማማ ዋንጂሩ ጋ ተመልሼ ቁልፍ ስተክልላት መዋል መረጥኩ። ቋንቋ ሳያስፈልገን ሦስት ሸሚዝ ጨረስን። ስለያት ካውያውን ልትሰጠኝ ፈለገች፤ ሸክሙ ይከብደኛል ብዬ በምልክት መለስኩላት።

ስመለስ በሞያሌ እትዬ ቃባሌ ቤት በር ላይ ቆሜ «እህቴ ገባች» አልኳቸው። «ሒሳባችን ተዘጋ» አሉኝ፤ ግን ሻዩን ሳልጠጣ አልለቀቁኝም።

ልደታ የደረስኩት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ደረጃውን ስወጣ የጎረቤት ልጆች ኳስ ድምፅ፣ የታክሲው ጡሩምባ፣ የማውቀው ነገር ሁሉ በቦታው ነበር። እናቴ ይዤ የመጣሁትን የተላጠ ፕላስቲክ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞራ አየችበት። ባዶ ነው፤ የማኅተሙ ጥላ የመሰለ ሰማያዊና አንዲት ትንሽ ጆሮ ብቻ አሉበት። «ጆሮዋን ይዘሽልኝ መጣሽ» አለችና ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው። እስካሁን እዚያው ነው፤ የመጣ ሰው ሁሉ ምንድነው ይላል።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ የልጃቸውን የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት የያዙ እናት ነበሩ። «የኔ ልጅ፣ እንዳይቆሽሽ አሽጊልኝ» አሉኝ።

እኔ ከደንበኛ ጋር ብዙ አልነጋገርም። ወረቀት እቀበላለሁ፣ ሠርቼ እሰጣለሁ። ያን ቀን ግን፣ «ይህን አላሽግልዎትም እማማ» አልኳቸው። «ዋና ማስረጃ አይታሸግም። ልጅዎ አንድ ቀን ሩቅ አገር ይዛው ትሄድ ይሆናል፤ እዚያ አንዲት ሴት ማኅተሙን በጣቷ መዳሰስ ትፈልጋለች። ኮፒውን አሽግልዎታለሁ፤ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ዋናውን በዚህ ክፍት ላስቲክ ውስጥ አድርጌ እሰጥዎታለሁ፤ ሲፈልጉ ያወጡታል።»

ሴትየዋ ላስቲኩን ይዘው መርቀውኝ ሄዱ። ጋሽ በቀለ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ሰባት ዓመት አብረን ስንሠራ ከአንቺ አፍ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም» አሉኝ። «እህትሽ ጆሮዋን ጣለች፣ አንቺ አፍ አውጥተሽ መጣሽ።»

ጨርቃቸውን አጥቤ ተኩሼ ነበር። ሰጠኋቸው፤ መልሰው ወደ እኔ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።